አባቴና የሜዚ መኪና ጉዞ

አባቴ ቨርሊን ሠላሳ ዓመት ጣሪያ ሲከድን ኖሮ አንድ ቀን ከመሰላል ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙን የሚያስታግስለት ማሪዋና ብቻ ነው። እዚህ ኮሎራዶ ለአዋቂ አልተከለከለም፤ እኔም ምንም ብዬው አላውቅም።

እኔ ማለዳ ሥራ ስለምገባ የስድስት ዓመቷን ልጄን ሜዚን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነበር። አንድ ቀን አስተማሪዋ ደወለችልኝ።

"ሜዚ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል። ልብሷም ይሸታል።"

ቤት እንደገባሁ ጠየቅኩት።

"አባዬ፣ ሜዚን ይዘህ መኪና ውስጥ ታጨሳለህ?"

"ሁለቴ ብስብ ነው። ሳላጨስማ ፍሬን መርገጥ መች እችላለሁ!"

"መስኮቱንስ?"

"በዚህ ብርድ? ልጅቷን ላደርቃት ነው?"

"ልጅ ይዞ ማጨስ እኮ በሕግ ያስጠይቃል።"

"ሕጉ ወገቤን ይሸከምልኛላ! አንቺስ በሲጋራዬ ጭስ መሀል አይደል ያደግሽው? ምን ሆንሽ?"

"አስም ያዘኝ፣ አባዬ።"

እንደማይደግመው ማለልኝ፤ አመንኩት።

በሳምንቱ አስተማሪዋ እንደገና ደወለች። ሜዚ ከመኪናው እንደወረደች አስመልሷት፣ ግድግዳ ይዛ ቆማ ነበር። ብጠይቀው መልሶ እንደሚምልልኝ አውቃለሁ። ለፖሊስ ደወልኩ። የመኪናውን ታርጋ ስናገር ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቆሙት። ሜዚ ከኋላ ወንበር ሆና አያቷ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በካቴና ሲታሰር አየች። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተለቆ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ ቤት ገባ።

"የጠቆመኝን ባወቅኩት!" አለ። "ያቺ አስተማሪ ናት፤ ወሬኛ!"

ዝም ብል አያውቅብኝም ነበር።

"እኔ ነኝ፣ አባዬ" አልኩት።

"አንቺ?" አለና ወንበሩን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "የመኪናውን ቁልፍ አምጣ ብትዪኝ አልሰጥሽም ነበር?"

ቁልፉን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዳኛው መንጃ ፈቃዱን አገደበት። ሜዚ አሁን በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ነው የምትሄደው፤ ክፍል ውስጥ መተኛቷም ቀርቷል። አባቴ በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ያጨሳል። ከእኔ ጋር አይነጋገርም፤ "እናትሽን ጨው አቀብዪኝ በያት" ይላታል ሜዚን፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ።

ትናንት ሜዚ ጫማዋን ሳስርላት ጎንበስ ብላ "አያቴን ያሰሩት እኔ ስላስመለሰኝ ነው አይደል?" አለችኝ።

"አይደለም፣ የኔ ቆንጆ" አልኳት።

አላመነችኝም።