የአማቴ ምላስ

አማቴ ፓንሱን ይባላሉ። በሰንቻንግ፣ ድልህ የማይሠራ ቤት በሌለበት አገር፣ «የፓንሱን እጅ» ከተባለ ማንም ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም። ለልጃቸው ለቴክሱ ተድሬ እዚያ ቤት ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በርበሬ ለቅሜያለሁ፣ አኩሪ አተር ቀቅዬ አቡክቻለሁ፣ የብቅሉን ውሃ ከሩዙ ጋር ሳማስል ትከሻዬ ወልቋል። ጨው ግን ነክቼ አላውቅም። የጨው ሰዓት ሲደርስ፣ «የቦራ እናት፣ ዞር በይ» ይሉኛል፤ በልጄ ስም ነው የሚጠሩኝ። ጣታቸውን ነክረው ይልሳሉ፣ ይጨምራሉ፣ ይልሳሉ። አለቀ።

አምና በታኅሣሥ፣ በረዶ በጣለ ማግስት፣ ከጋኖቹ አጠገብ አዳለጣቸውና ማጅራታቸው ከድንጋዩ ጋር ተላተመ። ሁለት ቀን ተኙ። በሦስተኛው ቀን ተነሥተው «ምን ታፈጡብኛላችሁ? ድልሁ ራሱን ይሠራል?» አሉና ሥራ ጀመርን። ጨው ሲያስገቡ እንደ ልማዴ ዞር አልኩ። ያን ቀን ግን ስድስት ሰባት ጊዜ ሲልሱ በጎን አየኋቸው። አርጅተው ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ የማበስለው ሁሉ አልጥማቸው አለ። ድልህ ቀብቼ ደረቅ ዓሣ ብጠብስላቸው «እንጨት ነው» ይላሉ። ቶክ የምንለውን የሩዝ ሙልሙል በድልህ አንተክትኬ ሳቀርብ ሳህኑን ገፋ አድርገው «ውሃ ውሃ ይላል» ይላሉ። ቴክሱ እያላበውና እያፏጨ ይበላል፣ እሳቸው ደግሞ ጨው አምጪ ይሉኛል።

አንድ ቀን ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ሩዝና ጎመን ለወስኩና በድልሁ ፈንታ የበርበሬ ዱቄት በውሃ በጥብጬ ጨመርኩበት። ለሰው የሚሰጥ ምግብ አልነበረም። አማቴ እስከ መጨረሻው በሉት። «የዛሬው ይሻላል፣ ድልሁን አልቆጠብሽም» አሉኝ። ጓዳ ገብቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እናት በሆነች ሴት ላይ ወጥመድ የዘረጋሁ መሰለኝ። ለቴክሱም ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ?

በግንቦት የጎረቤታችን የጆምሬ ሰማንያኛ ዓመት ልደት በመንደሩ አዳራሽ ተከበረ። ጆምሬና አማቴ አብረው ያደጉ፣ ሲሰዳደቡ የኖሩ ሴቶች ናቸው። አማቴ በታኅሣሥ የሠራነውን አዲሱን ጋን የዚያን ዕለት ጠዋት ከፍተው ትልቅ ድስት የወንዝ ዓሣ ወጥ ሠሩ። እኔ ቅጠል ስከትፍ ነበር፤ ወጡን የቀመሰ ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም።

ወጡ ቀረበ። አንዱ ሽማግሌ ውሃ አነሣ፣ ሌላው አነሣ። ሰዉ እሳቸውን ላለማሳፈር አንገቱን ደፍቶ ሲውጥ አየሁ። ዝም ማለት የማትችለው ጆምሬ ብቻ ናት።

«ኧረ ፓንሱን! ዓሣው ከነባሕሩ ነው እንዴ የመጣው? ሰማንያ ዓመት የኖርኩት ዛሬ በጨው ልትገድይኝ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። አማቴ ግን ፊታቸው አመድ ሆነ። ጭልፋውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔን ምን ታደርጉኛላችሁ? ዘንድሮ ጨው ያስገባችው እሷ ናት። እጇን ትልመድ ብዬ ለቀቅኩላት።»

አርባ ዓይን ዞረብኝ። ባሌ አፉን ከፈተ፤ በዓይኔ አስቆምኩት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ በእርሻው መሐል ከፊት ከፊት ሄዱ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ።

«ለምን አዎ አልሽ?»

«እርስዎ ለምን እሷ ናት አሉ?»

ከመንገዱ ዳር ቁጭ አሉና በእጃቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «ከወደቅኩ ወዲህ ምንም የለም» አሉ። «ሽታ የለም፣ ጣዕም የለም። የሚያቃጥለው ብቻ ነው የቀረኝ። እሱን ይዤ ነበር የምገምተው።» ቀጥለውም እጄን ጨብጠው «ለቴክሱ ትነግሪውና!» አሉኝ። ልመና ይሁን ማስፈራሪያ ዛሬም አልገባኝም። ማልኩላቸው።

ለራስ ምታት ነው ብለን ቴክሱን አታልለን ጓንግጁ ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ የማሽተቻው ነርቭ ተጎድቷል፣ በዚህ ዕድሜ ላይመለስ ይችላል አለ።

ከዚያ ወደ ጋኖቹ መሄድ አቆሙ። ሲበሉም ሁለት ማንኪያ ነው፤ ቀሚሳቸው ሰፋቸው። እኔ ደግሞ መንደሩ ስም አወጣልኝ። ገበያ ላይ «የጨው ሙሽራ መጣች» ይሉኛል። ሳቅኩላቸው። አንዳንድ ቀን ግን ሰሃን ሳጥብ እንባዬ ይመጣል፤ በእሳቸው ላይ ነበር የምናደደው፣ ከዚያ በመናደዴ እናደዳለሁ።

በመስከረም በርበሬ ስናሰጣ ጆምሬ በትሯን ተደግፋ መጣች። የደረቀውን አንሥታ አየችና «በርበሬውስ ያምራል» አለች። «ምን ዋጋ አለው፣ ይቺ ልጅ እንደገና ጨው ውስጥ ልትቀብረው። የፓንሱን እጅ ከፓንሱን ጋር ነው የሚቀበረው።»

እኔ አጎንብሼ መስጣቴን ቀጠልኩ። አማቴ ከደጃፉ ተነሡ።

«ዝም በይ፣ አንቺ ጥርስ አልባ! ጨው ያስገባሁት እኔ ነኝ። አፌ ሞቷል። ይቺ ልጅ ለእኔ ስትል ስድብሽን ስትበላ ከረመች።»

የጆምሬ በትር ከእጇ ወደቀ። ቀና ብላ አማቴን ለማቀፍ ተንደረደረች፣ ማልቀስም ጀመረች። አማቴ ገፏት። «ይሄን ነው የፈራሁት» አሉ። «ሂጂ ወደ ቤትሽ።» ጆምሬ ከሄደች በኋላ ወደ እኔ ዞረው «አሁን ደስ አለሽ?» አሉኝ። ደስ አላለኝም። ግን አልዋሽም፣ ትከሻዬ ቀለለኝ።

ማታ ቴክሱ ነገሩን ከሰው አፍ ሰምቶ መጣ። እኔን ሦስት ቀን አላናገረኝም። ሴቶቹም ለአማቴ ገንፎ ይዘው እንደ በሽተኛ ይጠይቋቸው ጀመር፤ እሳቸው በር ዘግተው ተኝተዋል አስባሉ።

በታኅሣሥ ሩዙን፣ ብቅሉን፣ በርበሬውን ብቻዬን አማሰልኩ። ጨው ላስገባ ስል ሳልጠራቸው መጡ። በርጩማ ስበው ከጋኑ ፊት ተቀመጡ።

«ቅመሺ።»

ቀመስኩ። «ደህና ነው፣ እማማ።»

«ደህና ማለት ምን ማለት ነው? ውሻም ደህና ነው ይላል። ንገሪኝ እንጂ!»

ግራ ገባኝ። እንደምንም ሞከርኩ፤ መጀመሪያ የብቅሉ ጣፋጭ ይመጣል፣ ከዚያ ቃጠሎው፣ ጨዉ ደግሞ ዘግየት ብሎ ከምላሴ ጎን ላይ ይቆያል አልኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ምን ያህል ይቆያል?»

«እስክውጠው።»

«አልደረሰም። አንድ እፍኝ ጨምሪ።»

በእኔ ምላስ በቅቶ ነበር። እፍኙን ይዤ ከጋኑ በላይ ቆምኩ። እሳቸው ዓይናቸውን አልገለጡም። ግማሹን ጨመርኩና ግማሹን ቀስ ብዬ ወደ ጨው ዕቃው መለስኩ፤ ድምፁን ይስሙ አይስሙ አላውቅም። ተነሥተው ወገባቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። እኔ ማማሰሌን ቀጠልኩ፣ ከዚያም የጋኑን አፍ በጨርቅ አሰርኩት። ድልሁ ሊደርስ ገና ነው፤ ፀሐይ የሚሠራውን ሠርቶ እስኪጨርስ ማንኛችን እንደተሳሳትን አይታወቅም።