እምቢ የማይል እግር

እናት አንሶላውን ገለጥ አድርገው የልጃቸውን ውስጥ እግር በአውራ ጣታቸው ጫር አደረጉት። የእግሩ ጣቶች ቀስ ብለው ተኮማተሩ።

«ይኸው፣ አየሽ? ድሮም ሲኮረኩሩት አይችልም» አሉ።

ሴት ልጃቸው ቀና አላለችም። ወንድሟ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ያዩት ሁሉ «ድመቱ» ይሉታል። ከመወጣጫው ከወደቀ ወዲህ ዓይኑን አልገለጠም። ደረቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ከራስጌው ያለው ማሽን ነው። ጠዋት ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠርቶ፣ አንጎሉ መሞቱ እንደተረጋገጠና ከሰዓት ማሽኑ እንደሚነቀል ነግሯታል። «ለእናትሽ አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል» ብሏት ሄደ። እናት ደግሞ ዶክተሩን የሚጠብቁት እግሩን ሊያሳዩት ነው።

ባዮሎጂ ነው የምታስተምረው። በየዓመቱ አንድ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጉልበቱን መታ ስታደርገው እግሩ ይፈናጠራል፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ትእዛዙ ከአንጎል ሳይሆን ከህብለ ሰረሰር እንደሚመጣ ታስረዳለች። ራሷ ተማሪ ሳለች የተለማመደችው በወንድሟ ጉልበት ላይ ነበር፣ በእንጨት ማንኪያ። ይህን ሁሉ እያወቀች፣ ጣቶቹ መጀመሪያ በተንቀሳቀሱ ዕለት እየሮጠች ነርሷን የጠራችው እሷ ነች።

«እማዬ፣ እሱ አይደለም።»

«እና ማነው?»

«ነርቩ ነው። ስትነኪው ስሜቱ ወገቡ ድረስ ሄዶ ከዚያው ይመለሳል። እሱ ጋ አይደርስም።»

እናት መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉ።

«ልቡስ?»

«ልብ አዛዥ አይፈልግም። አየር እስካገኘ ብቻውን ይመታል። አየሩን የሚሰጠው ማሽኑ ነው፤ እሱንም ከሰዓት ይነቅሉታል።»

እናት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አንድ ጫማቸውን አወለቁና እግራቸውን ዘረጉላት።

«በይ፣ እኔን ኮርኩሪኝ።»

ተንበርክካ በጥፍሯ ጫር አደረገቻቸው። የእናት ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ጣቶቻቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ጥርሳቸውን ነክሰው ይዘዋቸዋል።

«ለካ ሰው ከፈለገ ይይዘዋል» አሉ። «ይሄ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ እሺ ብሎኝ አያውቅም። ውረድ ስለው ነው የሚወጣው። እዚህ አልጋ ላይ ግን አንዴም እምቢ አላለኝ።»

በሩ ተንኳኳ፤ ዶክተሩ ነበር። እናት አንድ እግራቸው ባዶውን እንደሆነ ተነሱ፣ በበሩና በአልጋው መካከልም መንገዱን ዘግተው ቆሙ።