ትልቅ ሰው ከኋላ ነው የሚቀመጥ

ይህን ነገር አንዲት ቃል ጨምሬበት እንደሆነ ጣና ይዋጠኝ! ባሕር ዳር ውስጥ ዋሾ ሲባል የእኔ የዳኘው ስም ቀድሞ እንደሚጠራ አውቃለሁ። ይኸኛው ግን እውነት ነው።

በቀይ ሽብር ጊዜ ነው። ግሽ አባይ ሰፈር፣ የተወረሱ መኪኖች ከሚቆሙበት ግቢ ጎማ እለጥፍ ነበር። ሁለት መኪኖች ቀርተውናል። አንዷ የአንድ ደጃዝማች የነበረች ጥቁር ማርቸዲስ ናት፤ አሮጌ ብትሆንም ወንበሯ ቆዳ፣ አራቱም በሮቿ ሲዘጉ እንደ ቤተ መቅደስ በር ድም የሚሉ። ሌላዋ አንድ ጣሊያን መሐንዲስ ጥሏት የሄደ ቀይ ናት፤ አዲስ፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ በሯም ሁለት ብቻ።

ጥቁሯን ከደጃዝማቹ ጊዜ ጀምሮ የሚነዷት ጋሽ አስማማው ናቸው። ያን ዕለት ጧት ፊታቸው አመድ መስሎ ጠሩኝ።

«ዳኘው፣ አካሉ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው።»

አካሉ ልጃቸው ነው። እየታደነ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ላጥባት ብዬ ወደ ሐይቁ አወጣታለሁ። ቀዛፊው ኢድሪስ ታንኳውን ይዞ ይጠብቀዋል።»

ቁልፉን ሳያዞሩ ጓድ ዓምደ ሚካኤል ከች አለ። አካሉን የሚያሳድደው ካድሬ ነው፤ ሆዱ ከአብዮቱ ወዲህ የመጣ።

«ዛሬ ለቢሮዬ አንዷን እመርጣለሁ» አለ። ጥቁሯን ዞረና ዕቃ መጫኛውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ሰፊ ነው። እስቲ ክፈተው!»

እኔ ዘልዬ መሃል ገባሁ።

«ጓድ፣ እርስዎን የሚያህል ሰው በፊውዳል መኪና? ሕዝቡ ደጃዝማቹ ተመለሱ ብሎ እጅ ይነሳዎታል!»

እጁን እሳት እንደነካ ሰው አነሳ።

«ይችን ቀይዋን ይዩ! ከሰባታሚት ስትነሳ ያስነጠሰ ሰው፣ ይማርህ ሳይሉት ዓባይ ማዶ ደርሷል።»

«አንተ ቀጣፊ!» ብሎ ሳቀ። የፊቱን በር ከፈትሁለት።

«ምን ነካህ? ከፊት የሚቀመጥ ረዳት ነው። ትልቅ ሰው ከኋላ ነው የሚቀመጥ።»

የኋላ በር የላትማ! የፊቱን ወንበር አጠፍሁ። ራሱን አስገባ፣ ትከሻውን አስገባ፤ ሆዱን ግን እኔ በጉልበቴ ገፍቼ አስገባሁት። ወንበሩን መለስሁና ጮህሁ፤

«ጋሽ አስማማው፣ ያችን አሮጌ ከመንገዳችን ያውጡልን!»

ጥቁሯ ወጣች።

«ወዴት ነው የሚወስዳት?»

«ሊያጥቧት ነው፣ ጓድ።»

«ቆይ፣ አውጣኝ!»

የወንበሩን ማጠፊያ ይዤ እምቢ እንዳለው ሰው ታገልሁ። ላቤ ግን የውሸት አልነበረም፤ ጓድ የመዘዘው ሽጉጥ ጎኔን እየወጋኝ ነበር።

ሲወጣ በጥፊ አጮለኝ። ጥቁሯ ታጥባ እየተንጠባጠበች ስትመለስ ዕቃ መጫኛውን አስከፈተ። እርጥብ ጨርቅ ብቻ ነበር።

«ይችው ትሻላለች» አለ ልብሱን እያራገፈ። «ሰው እንደ ሰው ይገባባታል።»

እንዲህ ሆነና ጋሽ አስማማው ልጃቸውን ያሸሹባትን መኪና፣ ልጃቸውን የሚያሳድደውን ሰው ከኋላ አስቀምጠው ዓመታት ነዷት። አካሉ ከጣና ማዶ ሲወርድ ወደ ባሕር ዳር ዞሮ እጁን አወዛወዘ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። ጋሽ አስማማው ዛሬም ሲያገኙኝ «እስቲ የእጁን ነገር ድገምልኝ» ይሉኛል። እደግምላቸዋለሁ።

ጣና ይማረኝና፣ የእጁን ነገር የፈጠርሁት እኔ ነኝ። ኢድሪስ የነገረኝ ሌላ ነው፤ ልጁ ዘሎ ወረደ፣ ደንገሉ ውስጥ ሮጦ ገባ፣ ዞሮም አላየ።