ቃል ያለበት ጨርቅ

በእኛ ልብስ ስፌት ቤት «በልክ የተሰፋ» አይባልም፤ «ቃል ያለበት» ነው የሚባለው። አባባሉ የአያቴ ነው። ደንበኛ ገብቶ ከጨርቆቹ አንዱን ዳሰስ ያደርግና «ይሄ የእኔ ነው፤ እንዲህና እንዲያ አድርገህ ስፋልኝ» ይላል። አያቴ ጨርቁን አጥፎ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ወዲያ ቃል አለበትና ንጉሥ ቢመጣ እንኳ አይነካም። ሰው ልክ ሲባል ወገብና ደረት ብቻ ይመስለዋል። እኛ ጋ ሜትሩ የሚመጣው ከንግግሩ በኋላ ነው።

ጥቁር ሰማያዊው ሱፍ ላይ ቃሉን ያኖረው መናኸሪያው ውስጥ ሻንጣ የሚሸከም ሰው ነበር። ሴት ልጁን ሊድር ነው። የሸክም ነገር ሆኖ ግራ ትከሻው ዘመም ብሏል። «ከልጄ ጎን ስቆም ትከሻዬ እኩል ይምሰል» አለኝ። ለካሁት፤ ሄደ፤ በዚያው ድምፁ ጠፋ።

ከመንገዱ ማዶ የተዘጋጀ ልብስ የሚሸጡ ሰዎች ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ እኛ ዝንብ እናባርራለን። ታላቅ ወንድሜ በዚህ መሀል አንድ የሆቴል ባለቤት አገኘ። ሰውየው ያንን ሱፍ ለራሱ ይፈልገዋል። ከተደሰተ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ በሙሉ ለእኛ ይሰጣል። ወንድሜ እሺ ብሎት መጣ።

«ቃል አለበት» አልኩት።

ተሸካሚው ከጠፋ ቃሉም አብሮት ጠፍቷል አለኝ። በጄ አላልኩም። ለመነኝ፤ ከዚያም ተቆጣ። የቤቱ ሸክም እሱ ላይ ነውና እውነት ነበረው፤ ሁለተኛው የስፌት መኪና ሥራ ጠፍቶ ከተሸፈነ ሰንብቷል። ግን እኔ አንዴ እንቢ ካልኩ እንቢ ነው፤ ቤተሰቡ «መቀስ» ያለኝ በከንቱ አይደለም። ጨርቁን አወረድኩና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ባለቤቱ አጠገቡ ሳይቆም አይቆረጥም» አለ ወንድሜ፣ የአያታችንን ደንብ ጠቅሶ።

«ዛሬ ነው ወግ የታወሰህ ጋሼ?» አልኩና በዚያ በዘመመ ትከሻ ልክ ቆረጥኩት። ከእንግዲህ ለማንም አይሆንም።

በማግስቱ የሆቴሉ ባለቤት መጣ፤ ሌሎቹን ጨርቆች አገላብጦ ወጣ። የደንብ ልብሱ ሥራ ማዶ ተሻገረ። ወንድሜ አኮረፈኝ። እኔም ጥርሴን ነክሼ ኮቱን ሰፋሁ። እውነቱን ለመናገር ኩራት ነበረኝ፤ ቃል ጠባቂ እኔ ብቻ የቀረሁ መስሎኝ ነበር።

ተሸካሚው ሲገባ አላወቅሁትም። ታሞ ከርሞ አንገቱ በሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ይዋልላል። ኮቱን አለበስኩት፤ ሚስማር ላይ የሰቀልኩት መሰለ። መስታወቱን ትንሽ አየና ዓይኑን መለሰ።

«ጥሩ ነው ልጄ። ለሌላ የሸጣችሁት መስሎኝ ነበር። እንዲሁ እለብሰዋለሁ፤ ሠርጉ እሑድ ነው።»

ያን ሁሉ የተሟገትኩት ለእሱ ነው እያልኩ፣ ቤቱ ድረስ ሄጄ «ምን ሆኑ?» ለማለት አልደረስኩም። የሰፋሁት ለሰውየው ሳይሆን ለእልሄ ነበር። አፈርኩ።

ወንድሜ ከመኪናው ተነሣና ኮቱን ከላዩ ላይ በቀስታ አወለቀው።

«አይለብሱትም አባባ። ይቀመጡ፤ እንደ አዲስ ይንገሩን። ምን ዓይነት ይሁን?»

ሽማግሌው አሰበ። የትከሻውን ነገር አላነሣም።

«ልጄ የምትመጣው ከሩቅ ነው። መታመሜን አልነገርኳትም። ስታየኝ እንዳትደነግጥ አድርጋችሁ ስፉልኝ» አለ።

ወንድሜ አየኝ፤ አየሁት። ከስንት ቀን ኩርፊያ በኋላ ስንተያይ የመጀመሪያችን ነበር። እሱ የኮቱን አንዱን እጅጌ ያዘ፣ እኔ ሌላውን፤ ስፌቱን መፍታት ጀመርን።