የጃርት ጥያቄዎች

ራሊጻ ዮቶቫ በቡልጋሪያዋ ሩሴ ከተማ ላለ የቋንቋ ማሠልጠኛ የሠራችው የኢንተርኔት መማሪያ ክፍል አንድ ብልሃት ነበረው። ተማሪው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥያቄ ሲጽፍ ስሙ አይታይም፤ ኮምፒዩተሩ የእንስሳ ስም ያወጣለታል። አፍሮ ዝም የሚለው ሰው እንዲደፍር ብላ ነው። እውነተኛውን ስም የምታየው እሷ ብቻ ነበረች።

"ጃርት" የሚል ስም እንደወጣለት ተማሪ የሚጠይቅ አልነበረም። "መምህር፣ በጀርመንኛ ማንኪያ ወንድ፣ ሹካ ሴት ከሆነች፣ ቢላዋ ምን በድሎ ነው ወንድም ሴትም ሳይሆን መሀል የቀረው?" ብሎ ይጽፋል። መምህሩና የማሠልጠኛው ኃላፊ ዶክተር ካሉዶቭ ምሳ ላይ ይህን ለባልደረቦቹ ጮክ ብሎ ያነባል።

"በናታችሁ፣ ይሄ ፍጡር በምን ጭንቅላቱ ነው ቪየና እሄዳለሁ የሚለው?"

ሁሉም ይስቃሉ። ራሊጻም ትስቃለች። ጃርት እናቷ ነበረች።

እናቷ ግንካ የምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ሲዘጋ ሥራ ፈታ፣ ቪየና ሄዳ አሮጊት ለመጦር ጀርመንኛ የጀመረች ሴት ናት። "እናቴ ናት ብለሽ እንዳታወሪ፣ አደራ" ስትላት፣ ራሊጻ "ምን በወጣኝ!" ብላ ቃሏን ጠብቃለች።

ይህን የኢንተርኔት ክፍል ለመግዛት ከዋና ከተማዋ ከሶፊያ እንግዶች የመጡ ቀን አዳራሹ ሞላ፤ ተማሪዎቹም ከየቤታቸው ገቡ፣ ፊታቸው ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ተደረደረ። ከእንግዶቹ አንዷ "ሰነፉን ከጎበዙ በምን እንለያለን?" አለች።

"ስሞቹን ክፈቻቸው" አለ ካሉዶቭ።

"ዶክተር፣ ተማሪዎቹን ስማችሁ አይታይም ብያቸዋለሁ እኮ" አለች ራሊጻ።

"እኔ ደግሞ እንግዶቹን ይሸጣል ብያቸዋለሁ። ክፈቺ!"

ራሊጻ አንድ ጊዜ ወደ እናቷ ፊት አየች። ከዚያ ከፈተችው። ከየጥያቄው ጎን ስሙ ብቅ አለ። ተማሪዎቹ ወዲያው መሳሳቅ፣ መጻጻፍ ጀመሩ፦ "ጃርት አንቺ ነሽ? ቢላዋው አገባ ወይ?"

"ግንካ ዮቶቫ" ብሎ አነበበ ካሉዶቭ፣ ወደ ራሊጻ ዞር ብሎ። "ዮቶቫ? ያንቺ ዘመድ ናት እንዴ?"

ማይክራፎኑ ክፍት ነበር። ራሊጻም ታውቃለች።

"ኧረ በጭራሽ። አላውቃትም።"

ግድግዳው ላይ ግንካ መነጽሯን አወለቀች። "ልክ ናት" አለች ቀስ ብላ፤ "አንተዋወቅም።" ፊቷ የነበረበት ቦታ ጨለመ።

የኢንተርኔት ክፍሉ ተሸጠ። ገዢዎቹ ስም እንዳይደበቅ አዘዙ፤ ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ደፍሮ የሚጠይቅ ጠፋ። ራሊጻ የክፍሉ ኃላፊ ሆነች።

እሑድ ኬክ ይዛ እናቷ ቤት ሄደች። ግንካ በሩን ገርበብ አድርጋ፣

"ማንን ፈልገው ነው?" አለቻት።

"እማ፣ ተይ እንጂ!"

"ቤት ተሳስተው ይሆናል። ጎረቤት ይጠይቁ።"

ቁጣ የለባትም፤ እንግዳ እንደምትመልስ ሰው ነው የተናገረችው። በሩን ዘጋችው። ራሊጻ ኬኩን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ብዙ ጠበቀች፤ የከፈተላት የለም።

ግንካ ትምህርቱን ሳትጨርስ በሳምንቱ ቪየና ገባች። ራሊጻ ይህን የሰማችው ዳቦ ቤት ተራ ስትጠብቅ፣ ከጎረቤት ነው።