ያልጮኸው ስንዝር

ለወንድሜ ጀልባ የሚሠራው ምሰሶ ከማድ ቤት ተነስቶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ የአባዬና የእማዬ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ያልቃል። ስድስት ሜትር ነው። ቤታችን ውስጥ ከዚያ የተሻለ ቀጥ ያለ ቦታ ስለሌለ አባዬ ሁለቱን በሮች ነቅሎ በርጩማዎች ላይ አጋደመው። አራት ወር ሙሉ ስንወጣም ስንገባም እየተሻገርነው ኖርን።

«በስተርጅና ሦስተኛ ልጅ መጣብኝ» ትላለች እማዬ፤ «ይሄኛው ደግሞ ጭራሽ ተነስ ቢሉት አይነሳም።»

የወንድሜ ጀልባ የእንጨት ምሰሶዋ ባሕር ላይ ተሰብሮ፣ ወንድሜን በሕይወት ያገኙት በማግስቱ ነበር። አናጢው አባቴ በእንጨት መማል የተወው ያን ዕለት ነው። ጥቁሩን የካርቦን ፋይበር ጨርቅ በሙጫ እያራሰ ቱቦ ላይ ድርብ በድርብ ጠቀለለ። የሙጫው ሽታ ሳንባውን በላው። ሐኪሙም «ከእንግዲህ አንድ ቀን እንኳ እንዳትነካው» አለው። የመጨረሻውን ድርብ ሲጠቀልል ሳሉ ቢብስበት እማዬ አዝናለት መስኮቱን ከፈተችለት። ውጭ ያካፋ ነበር፤ ሙጫው ደግሞ እርጥበት ከነካው አይጣበቅም።

ሲደርቅ በሳንቲም እየመቱ ማዳመጥ ነው። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ውስጡ ያልተጣበቀው እንደ ካርቶን ድው ይላል። የአባዬ ጆሮ ከከዳው ቆይቷል። ስለዚህ እኔ እመታለሁ፣ እሱ ፊቴን ያያል።

መስኮቱ ሥር ስደርስ አንድ ስንዝር ያህል ድምፁ ደነዘዘ። ደግሜ መታሁት።

«እህስ ሚጢዬ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ለአባቴ እንቢ ብዬ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ሊወስደው መጣ። «በሉ፣ ጎረምሳውን አስነሱት!» እያለ አንዱን ጫፍ ሲያነሳ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ዞር በይ እንጂ፣ ግንብ ሆንሽ እኮ!»

«አስቀምጠውና ምታው» አልኩት፤ ሳንቲሙን ሰጠሁት። «መስኮቱ ጋ።»

መታው። ከአባዬ በቀር ሁላችንም ሰማን። እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። ወንድሜ ግን ወደ አባዬ ዞሮ በሳቅ፣ «እንደ ደወል ነው አባዬ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሙጫውን እንደገና ካስነካሽው አባዬን ትቀብሪዋለሽ» አለኝ። «ቀለል ባለ ነፋስ ብቻ እወጣለሁ። ዝም በይ።»

«ያኔም ቀላል ነፋስ ነበር።»

አባዬ ከአንዳችን ፊት ወደ ሌላችን ፊት አየ፤ በገዛ ቤቱ እንግዳ መሰለ። ከንፈሬን እንዲያነብ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«አይጮህም አባዬ። ትናንት ዋሸሁህ።»

ወደ ወንድሜ ዞረ። «አንተም ሰምተሃል?»

ወንድሜ አቀረቀረ።

እማዬ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ መስኮቱን...» ስትል አባዬ አልሰማትም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። መፈግፈጊያ ማሽኑን ሰካ።

«ገደልሽው» ብሎኝ ወንድሜ ወጣ።

ጥቁሩ ብናኝ አባዬ አፉ ላይ ባሰረው ጨርቅ ላይ ተጋገረ። ስንዝሩን ልጦ ሳይጨርስ ሳል ሦስት ጊዜ አስቆመው። በሦስተኛው ማሽኑን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

«ስንት ድርብ እንደሚነሳ አታውቂም» አለኝ። «አንቺ ምሰሶውን ያዢልኝ። እንዳይንቀጠቀጥ።»

በሁለት እጄ ያዝኩለት።