የተቀዳው ማክሮ

ማክሰኞ ጠዋት ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሟ ፍላሹን እንደ ክታብ ጨብጦ እሷ የምትሠራበት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ገባ። የሂሳብ ሥራውን ትቶ፣ ቤት ተጎልቶ ቪዲዮ እያየ «ፍሪላንሰር ነኝ» ማለት ከጀመረ ወዲህ ስታየው ከንፈሯ ይጣመማል። ሥራ ፈት መባል ቢያሳፍረው የፈረንጅ ስም አወጣለት እንጂ ሌላ ምን አለው?

«ጋሼ ፕሮግራመር! ዛሬስ ፊትህን ታጥበሃል።»

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ሰው ፊት እንኳ ተይኝ።»

ሰው የተባለው ሥራ አስኪያጁ ነበር። የሳምንቱን የቀጠሮ ሠንጠረዥ በአንድ ቁልፍ አጽድቶ የሚያስተካክል ማክሮ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በራሱ የሚፈጽመው የትእዛዝ ሰንሰለት፣ ካሳየው የክሊኒኩን ሥራ በኮንትራት ሊሰጠው ቃል ገብቷል። ለወንድሟ የመጀመሪያ ደንበኛው መሆኑ ነው።

ፍላሹን ሰካ፣ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ሠንጠረዡ እንደ ተላጨ ራስ ጥርት አለ፤ ባዶ ረድፍ የሚባል ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ «ጎበዝ!» ሊል አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመች።

«ትናንት የመዘገብኳቸው እርጉዞች የት ሄዱ?»

ወንድሟ ወደ ኋላ መመለሻውን ደጋግሞ ነካ። መመለሻው ግን ማክሮ የሠራውን አይመልስም፤ የተሰረዘበትንም ፋይል ማክሮው ራሱ አስቀምጦታል። ቅጂ ያስቀረም የለም።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«አልጻፍኩትም። ባለፈው ሳምንት ሠንጠረዥ ላይ ባዶዎቹን ረድፎች እየሰረዝኩ በኮምፒውተሩ የማክሮ መቅጃ ቀዳሁት። እኔ የሠራሁትን ይደግማል።»

«ስለዚህ ያኔ ባዶ የነበረው ቦታ ላይ ዛሬ ሰው ቢኖርም ይሰርዛል?»

ወንድሟ ዓይኑን ከሠንጠረዡ ሳይነቅል መመለሻውን እንደገና ነካ።

«በቀቀን ገዝተህ አስተማሪ ቀጠርኩ ትላለህ!»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። «ወንድሜ፣ ታካሚ ለማጥፋትማ ሐኪሞች አሉን» ብሎ ወጣ።

የካርድ ክፍሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ነበረች፤ ዕንባዋ እስኪመጣ፣ ጠረጴዛውን እስክትደበድብ። ወንድሟ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ አያት፤ እሷም አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቋን ቀጠለች።

ኮንትራቱን አላገኘም። ከዚያ በኋላ መቅጃውን ትቶ ትእዛዙን በገዛ እጁ፣ መስመር በመስመር መጻፍ ተማረ፤ አንድ የመኪና መለዋወጫ መደብርም ሥራውን ወደደለት። ለእህቱ ግን አንድም ቀን አላሳያትም። በተከታዩ ዓመት በሳንባ ምች ሞተ።